ሚስዋ ውሃ ይጠጣል

ጀልባ የለም ዛሬ። ባሕሩ ተቆጥቶ
ኢሎይሎን ከባኮሎድ ለየው መሐል ገብቶ።
ኤውፌሚያ ከዚያ ማዶ፣ ከምታምጠው ልጃችን አጠገብ፣
እኔ ከዚህ ማዶ፣ ከልጅ ልጄ ጋር፣ ከረኀብ።
መብራቱ ሄደ። ስልኩም ዝም አለ።
በጣራው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ጠጠር ጣለ።

አርባ ዓመት ሙሉ የጀልባ ሞተር ፈትቻለሁ፣
የታመመውን ፒስተን በጆሮዬ ለይቻለሁ፤
በዚህች ምድጃ ፊት ግን፣ ከነዕድሜዬ፣ ከነሽበቴ፣
የጨው ዕቃው የት እንዳለ የማላውቅ እንግዳ ነኝ ለገዛ ቤቴ።

ከመደርደሪያው ጥግ ሁለት ነገር አገኘሁ፤
አንድ ጣሳ ሥጋ፣ አንድ እስር ሚስዋ። አወረድሁ።
ሚስዋ ያው ስንዴ ነው፣ እንደ ክር የተፈተለ፣
ከፀጉር የቀጠነ፣ በወረቀት የተጠቀለለ።

ጣሳው ከጎኑ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለው፣
ጫፉን ሰክተህ፣ እየጠመዘዝህ የምትከፍተው።
ጠመዘዝሁ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ ከግማሹ ሲደርስ
ቀጭ አለና ቀረ፣ እጄ ላይ፣ እንደ ወለቀ ጥርስ።

ሬንሰል ሳቀ። ስምንት ዓመቱ ነው፤
ሦስት ቀን ሆኖት ነበር ሳቅ ከፊቱ ከራቀው።
የመሣሪያ ሣጥኔን ጎትቼ አወጣሁ፤
በፒንሳ፣ በመዶሻ፣ በስድብም ጭምር ከፈትሁ።
ሥጋው ቀይ ነው፣ ዳር ዳሩን ሞራው የረጋ፤
የጣሳውን ቅርፅ ይዞ ቁጭ አለ፣ ጡብ የመሰለ ሥጋ።

«ነጭ ሽንኩርት መጀመሪያ» አለ ልጁ፣ በአያቱ ድምፅ፣
እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ፣ ቁርጥ የእሷን ቅርፅ።
«ቀይ ሽንኩርት ቀጥሎ። እንዳያርርብህ! ውሃ ቶሎ!
ሥጋውን ፈርፍረው፤ እንደ ቀለም አታማስለው፣ ሎሎ።»
ታዘዝሁ። ካፒቴን ያዘዘኝ ያህል፣ ሳልመልስ ቃል።
ሽታው ሲነሣ የጎረቤት ውሻ በዝናብ መጥቶ በር ይጭራል።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ።
በፔርሙስ አምጥታልኝ፣ ወደቡ ላይ፣ እጄ ግራሶ እንደነካው፣
ቆሜ ጠጥቼው፣ ክዳኑን መልሼላት፣ «ጨው አነሰው» ያልሁት ነው።
እንዴት እንደሚሠራ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።
እሷም አልነገረችኝም።

ድስቷ ጠባብ ናት። ክሩን ለሁለት ልሰብር ስል፣ እጄን ያዘኝ ባንዴ፤
«አይሰበርም! ዕድሜ ነው። ሎላ ስትሰብር አይተሃል እንዴ?
ለልደት ሲሆን ረጅሙን ነው የሚበሉት።
ዛሬ ደግሞ እማዬ…» አለና ተወው። አልጎተጎትሁት።

ስንት ብሎን በጥሼ፣ ስንት ብረት ሰብሬ፣
ያን የስንዴ ክር ግን በሁለት እጄ ይዤ፣ ትንፋሼን ቆጥሬ፣
ጫፉን ከፈላው መረቅ ነከርሁና ጠበቅሁት። ቀስ እያለ ላላ፤
ጎበጠ፣ ተኛ፣ ገባ፤ አልፈለገም ጉልበት ሌላ።

ልጁ ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ደረደረ። «የማን ነው ሦስተኛው?»
«የሚመጣው» አለኝ፣ «ወይም የምትመጣው።»

በላን። ጨው በዝቶበታል። ማንም አልተናገረም።
ሎሚ ጨመቅንበት፤ ሎሚ ግን ጨውን አይሽርም።
ሦስተኛው ሳህን ላይ ሚስዋው ሥራ ሳይፈታ አበጠ፤
መረቁን ቀስ እያለ እስከ ጠብታው መጠጠ።
ሙቅ ውሃ ጨመርሁበት። ጠጣ።
ስልኩን አየሁት። ምንም። ነፋስ ከባሕሩ መጣ፣
በሩን ገፋ፣ ሄደ።

ሬንሰል ከአፉ ዳር አንድ ክር ተለጥፎ
እንቅልፍ ወሰደው፣ ባዶ ሳህኑን በክንዱ አቅፎ።
ማንቆርቆሪያው ከምድጃው አልወረደም፤ ከሰሉም ፍም ነው።
ሌሊቱ ገና ነው።

ውሃ ጨመርሁበት።
ሚስዋው ጠጣ።
ጨመርሁበት።